ፊርማው 96 ካራክተር ከሆነ ችግሩ ያለው እዚያው ላይ ነው

ጥያቄ፦ ጅማ ላይ ለአንድ ቡና ላኪ ድርጅት ሶፍትዌር እንሠራለን። የጭነት ሰነዶቹ በኤክስኤምኤል ተፈርመው ውጭ አገር ላለ ገዢ ይላካሉ። ድሮ የምንፈርመው ሰርቨራችን ላይ በተቀመጠ የአርኤስኤ ቁልፍ ነበር። ገዢው «ቁልፉ ኤችኤስኤም (ቁልፍ የማይወጣበት መጠበቂያ መሣሪያ) ውስጥ ይቀመጥ» ስላለን አማዞን ኬኤምኤስ (ቁልፍ የሚያስቀምጥና የሚፈርም አገልግሎት) ላይ ኢሲዲኤስኤ በሚባለው ዘዴ የሚፈርም አዲስ የፒ-256 ቁልፍ ፈጠርን። ፊርማውን በኬኤምኤስም ኦፕንኤስኤስኤል በሚባለው ፕሮግራምም ስናረጋግጥ ልክ ነው ይለናል። ገዢው ግን «የሰነዱ ሃሽ (ከይዘቱ በስሌት የሚወጣው አጭር አሻራ) ይገጥማል፤ ፊርማው ልክ አይደለም» እያለ ይመልሰዋል። ሲግኔቸርቫሊዩ (ፊርማው የሚጻፍበት የኤክስኤምኤል ክፍል) ውስጥ የምናስገባው 96 ካራክተር ነው። ሰነዱ ውስጥ አማርኛ አለ፤ ከእሱ ይሆን እንዴ?

መልስ፦ ከአማርኛው አይደለም። አማርኛው ተበላሽቶ ቢሆን መጀመሪያ የሚሳተው የሰነዱ ሃሽ ነበር፤ እሱ ደግሞ ገጥሟል ብለዋል። ጉዳዩን የሚናገረው 96 የሚለው ቁጥር ነው።

የፒ-256 ፊርማ ሁለት ቁጥሮች ነው፤ አር እና ኤስ ይባላሉ፤ እያንዳንዳቸው 32 ባይት ይይዛሉ። የኤክስኤምኤል ፊርማ ደንብ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ 64 ባይት ብቻ ይፈልጋል። ይህ ወደ ቤዝ64 (ባይትን በፊደል፣ በቁጥርና በምልክት የሚጽፍ ዘዴ) ሲቀየር 88 ካራክተር ይሆናል፤ መጨረሻው ላይም ሁለት የእኩል ይሆናል ምልክት ይታያል። ኬኤምኤስ የሚመልሰው እነዚያኑ ሁለት ቁጥሮች ነው፤ ግን ዲኢአር በሚባለው አጻጻፍ ጠቅልሎ ነው። ጥቅሉ ብዙ ጊዜ ከ70 እስከ 72 ባይት ይደርሳል፤ በቤዝ64 ሦስቱም 96 ካራክተር ይሆናሉ። ኦፕንኤስኤስኤልም ኬኤምኤስም ሲያረጋግጡ የሚጠብቁት ዲኢአሩን ስለሆነ ያልፍላችኋል። ገዢው የሚያነበው በኤክስኤምኤል ደንብ ስለሆነ ይጥለዋል። ስሌቱ ልክ ነው፤ የተሳሳተው አቀማመጡ ነው።

ስለዚህ ወደ ቤዝ64 ከመቀየርዎ በፊት ጥቅሉን መፍታት ነው። ባይቶቹን በሄክሳ (በ16 የቁጥር ሥርዓት) ቢከፍቷቸው አጀማመራቸው ለምሳሌ 30 45 02 21 00 ይሆናል። 30 ጥቅል መጀመሩን፣ 45 ከዚህ በኋላ 69 ባይት መኖሩን፣ 02 ቁጥር መከተሉን፣ 21 ደግሞ የቁጥሩ ርዝመት 33 ባይት መሆኑን ይናገራሉ። 32 የነበረው 33 የሆነው፣ የቁጥሩ የመጀመሪያ ቢት 1 ሲሆን ዲኢአር ኔጌቲቭ እንዳይመስል ከፊቱ 00 ስለሚጨምር ነው። ያንን 00 ይጥሉታል። ተቃራኒውም አለ፤ ቁጥሩ በዜሮ ባይት ከጀመረ ዲኢአር ያሳጥረዋል፤ ያኔ በግራ በኩል ዜሮ እየሞሉ 32 ማድረስ የእርስዎ ሥራ ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚች ላይ ነው። ከፊት ያለውን ዜሮ ሁሉ ገፍፎ ሳይሞላ የሚያልፍ ኮድ በአማካይ ከ128 ፊርማ አንዱን ያበላሻል፤ ሙከራ ላይ አይታይም፣ 320 ጆንያ ጅማ 5 ቡና ተጭኖ ሰነድ ሲጠበቅ ብቅ ይላል። «ከአምስተኛው ባይት ጀምረህ 32 ቁረጥ» የሚል ኮድማ ከዚያም ቀድሞ ይወድቃል። በእጅ ከመቁረጥ በላይብረሪ መፍታት ይሻላል፤ ፓይተን ከሆነ የምትሠሩት፣ ክሪፕቶግራፊ የሚባለው ላይብረሪ ዲኢአሩን ፈትቶ ሁለቱን ቁጥሮች የሚሰጥ ፈንክሽን አለው። እያንዳንዱን ቁጥር ትልቁን ባይት አስቀድመው በ32 ባይት ይጻፉትና ያገጣጥሙ።

አንድ ቀን ወደ አዙር ኪይ ቮልት (የማይክሮሶፍት ተመሳሳይ አገልግሎት) ብትዞሩ ይህን ኮድ ይዛችሁ አትሂዱ። እዚያ 64ቱ ባይት ሳይጠቀለል ነው የሚመጣው፤ ችግሩ በቤዝ64ዩአርኤል መጻፉ ነው። ያለ እኩል ይሆናል ምልክት 86 ካራክተር ሆኖ ይመጣል፤ በመደመርና በእዝባር ፈንታም ሰረዝና የታች ሰረዝ ይገባበታል። ወደ ተራው ቤዝ64 ብቻ ይመልሱታል።

ርዝመቱ 88 ሆኖም ገዢው ያንኑ መልስ ከሰጠ፣ ወደ ኬኤምኤስ የሚልኩትን ይመልከቱ። የሚፈረመው ሰነዱ ሳይሆን ሳይንድኢንፎ የሚባለው ክፍል ነው። የሰነዱ ሃሽ እሱ ውስጥ ይገባል፤ ሳይንድኢንፎው በካኖኒካላይዜሽን (ኤክስኤምኤልን ወደ አንድ ወጥ አጻጻፍ በማምጣት) ይስተካከላል፣ በሻ-256 ሃሽ ይደረጋል፣ የወጣው 32 ባይት ይላካል። ሲልኩ የመልእክቱን ዓይነት «ዳይጀስት» ይበሉት። «ሮው» (ገና ሃሽ ያልተደረገ) ካሉት ኬኤምኤስ ሃሹን እንደገና ሃሽ ያደርገዋል፤ በዚያው በ«ሮው» ስታረጋግጡት ልክ ይላችኋል፣ ሌላው ዓለም ግን አይቀበለውም። «ሮው» ከ4,096 ባይት በላይም አይወስድም። እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው ዳይጀስቱን ነው፤ ኔትወርኩ የቱንም ያህል ቢንቀራፈፍ፣ ሰነዱም የቱንም ያህል ቢተልቅ፣ የሚፈረመው 32 ባይት ብቻ ነው።

ሌላው ያንኑ ምልክት የሚያሳየው ኔምስፔስ (የኤለመንት ስሞች ከየትኛው ስብስብ እንደሆኑ የሚናገረው መግለጫ) ነው። ሳይንድኢንፎውን ለብቻው በስትሪንግ ሠርታችሁ፣ ፈርማችሁ፣ ከዚያ ሰነዱ ውስጥ የምትከቱት ከሆነ፣ በተራው ካኖኒካላይዜሽን የወላጅ ኤለመንቶቹ ኔምስፔስ ገዢው ጋ ሲደርስ ይጨመርበታል፤ ሃሹም ይለወጣል። መጀመሪያ ቦታው ላይ አስገቡት፣ እዚያው እንዳለ አስተካክሉት፣ ከዚያ ፈርሙ፤ ወይም የወላጆቹን የማይጨምረውን፣ ኤክስክሉሲቩን ካኖኒካላይዜሽን ተጠቀሙ።

ከድሮው ቁልፍ የተረፈ ነገርም ይፈትሹ። ሲግኔቸርሜተድ (የመፈረሚያው ዘዴ የሚጻፍበት ክፍል) አርኤስኤ ላይ ቀርቶ ከሆነ ወደ ኢሲዲኤስኤ-ሻ-256 ይቀይሩት፤ ሳይንድኢንፎ ውስጥ ስላለ የሚቀየረው ከመፈረሙ በፊት ነው። ኪይኢንፎ ውስጥ ያለው ሰርተፊኬትም የአዲሱ ቁልፍ መሆን አለበት። የግል ቁልፉ ከኤችኤስኤሙ ስለማይወጣ የሰርተፊኬት ማመልከቻውም የሚፈረመው በኬኤምኤስ በኩል ነው። የድሮውን ፊርማ ከአዲሱ ጋር እያስተያዩ መሞከር ልማድ ሆኖባችሁ ከሆነ ተዉት፤ ኢሲዲኤስኤ ያንኑ ሰነድ ሁለት ጊዜ ቢፈርም ሁለት የተለያየ ፊርማ ነው የሚያወጣው።

ስለ አማርኛው ከተነሣ፣ በዩቲኤፍ-8 አንድ ፊደል 3 ባይት ነው፤ «ጅማ» 6 ባይት ይሆናል። ሃሽ ስታደርጉ ዩቲኤፍ-16 ከተጠቀማችሁ 4 ባይት ስለሚሆን የሰነዱ ሃሽ አይገጥምም። ከተፈረመ በኋላም ማንም «ፀ»ን ወደ «ጸ» አያርም፣ መስመር አያሰልፍ።

የቀንና የሰዓት ነገር ሰው የሚንቀው ነው። በዛዴስ (እንደ ጊዜ ያለ መረጃ በሚጨምረው የኤክስኤምኤል ፊርማ ዓይነት) የምትፈርሙ ከሆነ ሳይኒንግታይም (የተፈረመበት ጊዜ) ውስጥ የሚገባው የፈረንጅ ዘመን ነው። በእኛ አቆጣጠር ከተጻፈ ሰርተፊኬቱ ገና ሳይሰጥ የተፈረመ ይመስላል። የሰርቨሩን ሰዓት በአገራችን አቆጣጠር የሞላ ሰው ካለ ደግሞ 6 ሰዓት ስቷል፤ አማዞን ከ5 ደቂቃ በላይ የተዛባ ሰዓት የያዘን ጥያቄ አይቀበልም። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ይህ ስህተት የሚመጣ ከሆነ የማዘርቦርዱን ባትሪ ይለውጡ፤ አብዛኛው ሲአር2032 ነው፤ ሰዓቱም ከኢንተርኔት በራሱ እንዲስተካከል ያድርጉ።

ለገዢው ከመላካችሁ በፊት በኤክስኤምኤልሴክ (የኤክስኤምኤል ፊርማ ማረጋገጫ ፕሮግራም) አረጋግጡ፤ እሱ በኤክስኤምኤል ደንብ ስለሚያነብ 96 ካራክተሩን ያኔውኑ ይጥለው ነበር። የፈቺውን ኮድ ለመፈተን ግን ኬኤምኤስን ማስቸገር፣ ለየፊርማው መክፈልም አያስፈልግም። ኦፕንኤስኤስኤል የሚያወጣውም ዲኢአር ስለሆነ፣ ለሙከራ ብቻ የሚሆን የፒ-256 ቁልፍ ኮምፒውተራችሁ ላይ ፍጠሩና 2,000 ፊርማ አውጥታችሁ አሳልፉበት። አንዱ እንኳ ከ64 ባይት ካነሰ ወይም ከበለጠ ዜሮው ገና አልተስተካከለም።