የመኪና ጥያቄና መልስ፦ ከስር «ቋ!» የሚለው ሃርድቶፕ

ጋሼ እንደምን ሰነበቱ? ከስምንት ወር በፊት የ1998 ሞዴል ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ገዛሁ። ረጅሙ፣ ዋን ኤች ዜድ ሞተር ያለው። ጅማና ቦንጋ እየተመላለስኩ ቡና እጭንበታለሁ። ሞተሩ ሰላም ነው። ግን ከኋላ ማርሽ ወደ አንደኛ ስቀይር ከስር «ቋ!» ይላል። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ስለቅም ይላል፣ መልሼ ስረግጥም ይላል። የመጀመሪያው ጋራዥ ፍሪሲዮን ቀየረልኝ፤ ድምፁ አልጠፋም። ሁለተኛው ደግሞ «የኋላ ዲፈረንሻሉ አልቋል፣ ሙሉውን ግዛ» አለኝ። ዋጋውን ስሰማ ጉልበቴ ከዳኝ። ልቀይረው?

*ከጅማ*

አትቀይረው ወንድሜ። ቢያንስ በዚህ ሳምንት አትቀይረው።

ፍሪሲዮኑን የቀየረልህ ሰው ምን አስቦ እንደሆነ አላውቅም። ያለቀ ፍሪሲዮን ይንሸራተታል፣ ይሸታል፣ ሲነሳ ያንቀጠቅጣል። ቋ ማለት ጠባዩ አይደለም። የሆነው ሆኗል፣ እንለፈው።

ቋ የሚለው ክፍተት ነው። ነዳጅ ስትሰጥ ሞተሩ ጎማውን ይነዳል፣ ብረቱ በአንድ ጎኑ ይደገፋል። እግርህን ስታነሳ ጎማው በተራው ሞተሩን ይነዳል። ያኔ ብረቱ ዞሮ በሌላ ጎኑ ያርፋል። በመሀል ባዶ ቦታ ካለ ይጋጫል። ከካምቢዮው እስከ ጎማው ያለውን መገናኛ ደግሞ ቁጠረው፦ ትራንስፈር (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው)፣ የፊተኛው ክሮቼራ (በመሀሉ መስቀል፣ በመስቀሉ ጫፎች ኩባያ ያለው መታጠፊያ)፣ ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅም ዘንግ ማለትም ሻፍቱ ላይ ያለው ተንሸራታች (ሻፍቱ እንዲረዝምና እንዲያጥር የሚያደርገው)፣ የኋለኛው ክሮቼራ፣ ፒኞንና ኮሮና (ዲፈረንሻሉ ውስጥ የሚነካከሱት ሁለት ጥርሳሞች)፣ ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱት አክስል ሻፍቶች። እያንዳንዱ አዲስ እያለም ጥቂት ልል ነው። ያንተ መኪና ከ25 ዓመት በላይ ሰርቷል። ትንሽ ድው ማለቱን ይቅር በለው። የምንፈልገው ከድርሻው በላይ የላላውን ነው።

ሜዳ ቦታ አቁመው። አራቱንም ጎማ ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ደግፍ። ሞተሩን አጥፋ፣ ቁልፉን ኪስህ ክተት፣ ማርሹን ነጻ አድርግ። ካርቶን አንጥፈህ ከስር ግባ። የእጅ ባትሪና ጠመኔ ያዝ።

መጀመሪያ ክሮቼራውን እይ። በአንድ እጅህ ፍላንጁን፣ ሻፍቱ በብሎን የሚታሰርበትን ብረት፣ ግጥም አድርገህ ያዝ፣ በሌላው ሻፍቱን ግራና ቀኝ ነቅንቀው። ወደላይ ወደታችም ግፋው። ክሮቼራ በዓይን የሚታይ ክፍተት ሊኖረው አይገባም። መስቀሉ በኩባያው ውስጥ ሲነቃነቅ ካየህ አልቋል፣ ክርክር የለውም። ኩባያው አፍ ላይ ቀይ ቡናማ ዱቄት ካለም ያው ነው። እሱ የመንገድ አቧራ አይደለም። ግራሶ ሲደርቅ ኩባያው ውስጥ ያሉት መርፌ የሚመስሉ ቀጫጭን ብረቶች ዝገው የተፉት ነው። ጣትህን አስነካው፣ እንደ በርበሬ ይቀባሃል።

ቀጥሎ ጠመኔው። ከሻፍቱ የኋላ ፍላንጅ ወደ ዲፈረንሻሉ አፍ አንድ መስመር አስምር። ሻፍቱን በአንድ በኩል እስኪቆም አዙረውና ምልክት አድርግ። በሌላውም በኩል እንዲሁ። ሁለተኛው ጋራዥ ያሳየህ ይህንን ይመስለኛል። «እየው እንዴት እንደሚጫወት!» ብለውህ ይሆናል። ያልነገሩህ ነገር አለ። ጎማው አንዴ እስኪዞር ሻፍቱ አራት ጊዜ ያህል ይዞራል። ስለዚህ ጎማው ጋ ያለች ቅንጣት ክፍተት ሻፍቱ ላይ አራት እጥፍ ሆና ነው የምትታየው። ብዙ ደህና ዲፈረንሻል በዚህ ምክንያት ተፈርዶበታል።

ከዚያ ውጣና የኋላ ጎማውን መሀል ተመልከት። ያንተ ሃርድቶፕ የአክስል ሻፍቱ ጫፍ በ6 ዳዶ ነው ከሃቡ፣ ጎማው ከሚታሰርበት የመሀል ብረት፣ ጋር የታሰረው። ስራቸው ሾጣጣ ሮንዴላ አለ። እነሱ ሲላሉ ልክ አንተ እንደምትለው ቋ ይላል።

ይህንን እንዴት አወቅክ ብትለኝ፣ ተዋርጄ ነው። በ1996 ዓ.ም. ጅግጅጋ አንድ የእርዳታ ድርጅት ጋራዥ ውስጥ እሰራ ነበር። የአንተ ዓይነት ሃርድቶፕ መጣ፣ ሾፌሩ «ዲፈረንሻል ነው» አለኝ፣ እኔም አመንኩት። አክስል ሻፍቱን ለማውጣት ዳዶዎቹ ላይ ቁልፍ ሳስገባ ሁለቱ በጣት ነው የዞሩት። እዚያው ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም! ዲፈረንሻሉን አውርጄ፣ ፈትቼ፣ ጥርሱን በናፍጣ አጠብኩ። እንደ ሕጻን ጥርስ ንጹህ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ። የመጋዘን ሰራተኛዋ እስከ ዛሬ ስንገናኝ «ዳዶው እንዴት ነው?» ትለኛለች።

ስለዚህ 6ቱንም ፈትሽ። ሃቡ ዙሪያ የዘይት እርጥበት ወይም ጥቁር ዝገት ካለ ልል ነበር ማለት ነው። ዝም ብለህ አታጥብቀው። ፍታው፣ ፊቱን አጽዳ፣ ሮንዴላው የተበላ ወይም ብሎኑ የቀጠነ ከሆነ ቀይር፣ ከዚያ እኩል አጥብቅ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና እየው። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩትን ዩ ቦልቶችም በቁልፍ ሞክራቸው። ቡና ጭነህ ጉድጓድ ለጉድጓድ ስትሄድ ይላላሉ።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ብቻ ወደ ዲፈረንሻሉ ሂድ። ያኔም መጀመሪያ ዘይቱን አውርድ እንጂ ዲፈረንሻሉን አታውርድ። ማፍሰሻ ብሎኑ ላይ ማግኔት ካለ እየው። እንደ ግራጫ ቅቤ የለሰለሰ ዱቄት ከያዘ ያለ ነው፣ አያስደንግጥህ። ጥፍር የሚያክል ስባሪ ካገኘህ ግን ያው ጋራዡ ልክ ነበር። ፍላንጁን ይዘህ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ግፋው። ከወጣና ከገባ የፒኞኑ ኩሽኔታ ወይም ዳዶ ነው። እዚህ ላይ «አጥብቀው ይለቅሃል» የሚል ሰው ቢመጣ አትስማው። በብዙ ቶዮታዎች ፒኞን ላይ ዳዶው የኩሽኔታውንም ውጥረት ነው የሚወስነው። አለልክ ከጠበቀ ኩሽኔታው ይቃጠላል።

እኔ ግን ከዚህ ሆኜ ብወራረድ፣ በክሮቼራውና በተንሸራታቹ ነው የምወራረደው። በዚያ መንገድ፣ በዚያ ጭቃ፣ ሻፍቱ ግራሶ ካየ ስንት ጊዜው ይሆን? የራሴን መኪና በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ግራሶ አጠጣዋለሁ። ወንዝ ከገባ ደግሞ በማግስቱ። ክሮቼራው ላይ በአራቱም ኩባያ አዲስ ግራሶ እስኪወጣ ድረስ ግፋ። ተንሸራታቹ ላይ ግን ቆጠብ በል። ከልክ በላይ ከሞላ መንሸራተቻ ያጣና ፒኞኑንና ትራንስፈሩን ይገፋል።

ክሮቼራ የሚቀየር ከሆነ አሮጌውን ይዘህ ሂድ። አዲስ አበባ ከመጣህ ሶማሌ ተራ ታገኘዋለህ። ኩባያውን ከአሮጌው ጋር በካሊፐር ለካው፤ መመሳሰሉ አይበቃም። ሲገጠም በሞርሳ ይገፋ እንጂ በመዶሻ አይደብደብ። አንድ መርፌ ከወደቀች አበቃ። ተገጥሞ ሲያልቅ መስቀሉን በእጅህ በሁሉም አቅጣጫ አንቀሳቅሰው። አንድ ቦታ ላይ ከያዘ መርፌ ወድቋል፣ እንደገና ይፈታ።

ሻፍቱ ከመለያየቱ በፊት ደግሞ በሁለቱም ቁራጭ ላይ የሚተያይ ምልክት አድርጉ። ሲመለስ በአንድ ጥርስ ከተዛነፈ ቋ ይጠፋና በቦታው ንዝረት ይመጣል። ያኔ ሶስተኛ ጋራዥ ፍለጋ ትወጣለህ።

ጠመኔው ምን እንዳሳየ ጻፍልኝ።

ጋሼ፣ እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። 2005 ፎርራነር አለኝ፣ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል። ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ከአንድ ሰከንድ በኋላ፣ ከኋላ ሰው በቀስታ የገጨኝ ይመስል «ድው» ይላል። ሁለቴ ወርጄ አይቻለሁ። ማንም የለም።

*ከአሌክሳንድሪያ*

እህቴ፣ ሶስተኛ ጊዜ አትውረጂ። የገጨሽ የራስሽ ሻፍት ነው። ፍሬን ስትይዢ የኋላ አክስሉ ትንሽ ይሽከረከራል፣ ሻፍቱም አብሮ ይረዝማል ወይም ያጥራል። ተንሸራታቹ ደርቆ ከሆነ ይይዝና ከቆምሽ በኋላ ድንገት ይለቃል። በእነዚህ መኪናዎች የተለመደ ነው። ሞሊብዲነም ያለበት ግራሶ ጥቂት ይሰጠው፤ ሻፍቱ መርዘም ሲጀምር ይቁም። ዘይት ቀያሪዎቹ ብዙ ጊዜ ይህችን ይዘሏታል። «ሻፍቱንም» ብለሽ በአፍሽ ንገሪያቸው። በግራሶ ካልተሻለው የኋላ አክስሉን የሚይዙት ዘንጎች ጫፍ ላይ ያሉት ጎሚኒዎች ይታዩ።

የድሮ ቪታራ አለኝ። ዝናብ ስለሆነ በፎር ዊል እነዳለሁ። አስፋልት ላይ ስታጠፍ ትጎተታለች፣ ቋ ቋ ትላለች። መሪውን ላስፈታው?

*ከአዳማ*

መሪው ምን አደረገ? አሮጌዋ ቪታራ በፎር ዊል ስትሆን የፊትና የኋላ ሻፍቶቿ አንድ ላይ ይታሰራሉ። ስታጠፍ ደግሞ የፊት ጎማ ከኋላው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ጭቃ ላይ ጎማው ተንሸራቶ ልዩነቱን ያራግፈዋል። አስፋልት ላይ መሄጃ የለውም፣ ብረቱ ይወጠርና በየተራ ይለቃል። ዝናብ ቢሆንም አስፋልት ላይ ወደ ቱ ዊል መልሳት። ማርሹ አልወጣም ካለህ አትታገለው፤ ጥቂት ሜትር ቀጥ ብለህ ወደኋላ ንዳትና እንደገና ሞክር።