የሐኪም መሪነት ከየት ይጀምራል? ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ከልደታ እስከ ስድስት ኪሎ ካሉ ሐኪም አንባቢዎቻችን በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ላይ ይገናኛሉ፦ ማስተማሪያ ሆስፒታል ውስጥ ሕክምናውን ሳይተው ወደ አመራር መግባት የሚፈልግ ሐኪም በየት በኩል ይሂድ? ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ከሆንኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ጓደኞቼ ልብ፣ ኩላሊት፣ ጨጓራና አንጀት እያሉ ሰብ ስፔሻሊቲ (በአንድ አካል ላይ የሚያተኩር ተጨማሪ ሥልጠና) ገብተዋል። እኔ የምወደው ዋርድ (ሕሙማን የሚተኙበት ክፍል) መዋልና ሬዚደንቶችን (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑ ሐኪሞችን) ማስተማር ነው። «ጄኔራል ሆነህ ከቀረህ የትም አትደርስም» ይሉኛል። እውነት ነው? (ከሜክሲኮ)

መልስ፦ እውነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 ሮበርት ዋክተርና ሊ ጎልድማን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ «ሆስፒታሊስት» የሚለውን ስም አስተዋወቁ። ተኝተው የሚታከሙ ሕሙማንን መከታተል ዋና ሥራው ያደረገ ሐኪም ማለታቸው ነበር። ዛሬ በዚያ አገር ብዙ የሕክምና ጥራት ኃላፊዎችና የሆስፒታል ክሊኒካል መሪዎች የሚወጡት ከነዚህ ሐኪሞች መካከል ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንድ አካል ላይ ያተኮረ ሐኪም የራሱን ሕመምተኛ ያያል፣ ዋርድ የሚውል ሐኪም ግን የደም ባንኩን፣ የላቦራቶሪውን፣ የሲቲ ስካን ወረፋውን፣ የኦክስጅኑንና የካርድ ክፍሉን ችግር በየቀኑ ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ሆኖ ያያል። በእኛ አገር ስሙ ባይለመድም ሥራው አለ፤ እርስዎ እየሠሩት ነው።

ነገር ግን ዋርድ ላይ ብዙ ዓመት መቆየት ብቻውን መሪ አያደርግም። ልዩነቱን የሚፈጥረው አንድን ችግር የራስ አድርጎ ይዞ፣ ለክቶ፣ ቀይሮ ማሳየት ነው። እኛ ብንመርጥ የምንጀምረው ከአልጋ ቆይታ ነበር። 40 አልጋ ያለው ዋርድ በ30 ቀን 1,200 የአልጋ ቀናት አሉት። ከነዚህ 1,140ው ሕመምተኛ ከተኛባቸው አልጋዎቹ 95 በመቶ ተይዘዋል ማለት ነው። በወሩ የወጡት ሕሙማን 95 ከሆኑ አማካይ ቆይታው 12 ቀን ነው። ይህን ወደ 10 ቀን ቢያወርዱት በዚያው 1,140 ቀን 114 ሰው ይታከማል። አንድ አልጋ ሳይጨመር 19 ተጨማሪ ሕመምተኛ ከድንገተኛ ክፍል ኮሪደር ይነሳል።

እንዴት? ለአራት ሳምንት ጠዋት ራውንድ (ሐኪሞች ሕሙማንን በየአልጋው የሚጎበኙበት ጊዜ) ላይ ሬዚደንቱ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ አንድ መስመር ይሙላ፦ «ይህ ሰው ዛሬ እዚህ ያለው ምን እየጠበቀ ነው?» መልሱ ሕክምናው ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ካልሆነ ምስል፣ ላቦራቶሪ፣ የሌላ ክፍል ኮንሰልቴሽን (የሐኪም ምክር)፣ መድኃኒት፣ ክፍያ ወይም የመውጫ ወረቀት ይሆናል። በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ይደምሩት። ከዚያ ከትልቁ ሳይሆን በእጅዎ ካለው ይጀምሩ። ብዙዎች እዚህ ላይ ይሰናከላሉ፤ የተበላሸ ሲቲ ስካንን የመጀመሪያ ሥራቸው ያደርጉና ስድስት ወር ያልፋል፣ ምንም የሚታይ ነገር አይኖርም። የኮንሰልቴሽን መዘግየት ግን በሁለት ክፍል ኃላፊዎች ስምምነት ይፈታል፦ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት የተጠየቀ ኮንሰልቴሽን በዚያው ቀን ይመለስ፣ ስሙ የታወቀ ሬዚደንት ይመደብለት።

ስለ መውጫ ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ከክፍለ ሀገር የመጣ ሕመምተኛ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ «ወጥተሃል» ሲባል የሩቅ አገር አውቶቡስ ገና ጎህ ሲቀድ ሄዷል። ስለዚህ አስታማሚው አንድ ሌሊት እንዲጨመርለት ይለምናል፣ ነርሷም አዝና ትተወዋለች። ውሳኔው ከአንድ ቀን በፊት ማታ ከተሰጠ፣ ኢንተርኑ (የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪው) ማጠቃለያውን ሌሊት ከጻፈና የክፍያ ጉዳዩ በዋዜማው ካለቀ ያ ቀን አይባክንም። ከዚሁ ጎን በ30 ቀን ውስጥ ተመልሰው የሚተኙትን ይቁጠሩ። ቆይታው አጥሮ ተመላሹ ከበዛ ሰዎችን ቶሎ አስወጥተዋል እንጂ ሥራውን አላሻሻሉም።

ይህን በቁጥር የያዘ ሐኪም የዋርድ ኃላፊነት ወይም የጥራት አስተባባሪነት ሲከፈት ስሙ ይነሳል። ከዚያ ወደ ክሊኒካል ዳይሬክተርነት ያለው መንገድ አጭር ነው። ማስተማሩ የበለጠ ከሳበዎት ሌላኛው መሰላል አለ፤ የሬዚደንሲ ፕሮግራም አስተባባሪ፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ ከዚያ ዲን ወይም ፕሮቮስት። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መውጣት ስለሚያደክም ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት አንዱን ይምረጡ።

ጥያቄ፦ የሜዲካል ዳይሬክተርነት ቦታ ቀርቦልኛል። ቀዶ ሐኪም ነኝ። መልስ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይፈለጋል። ከመቀበሌ በፊት ምን ልጠይቅ? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የሹመት ደብዳቤውን ረቂቅ ይጠይቁ፤ ምን ሥልጣን እንደሚሰጥዎ በጽሑፍ ይዩ።

ማስተማሪያ ሆስፒታል ሁለት የእዝ መስመር አለው። የሬዚደንቱን ውጤት የሚሰጠው የትምህርት ክፍሉ ነው፤ ድንገተኛ ክፍል ዲዩቲ (ተረኛነት) የሚገባው ግን ለአገልግሎቱ ነው። ነርሶች ለሜትረኗ (ለነርሶች ኃላፊዋ)፣ ፋርማሲው ለራሱ ኃላፊ ተጠሪ ናቸው። በ2002 ዓ.ም. ከወጣው የሆስፒታሎች ሪፎርም መመሪያ ወዲህ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ተጠሪነቱ ለቦርድ ሆኖ ከበላይዎ ይቀመጣል። ባለቤቱም ይለያያል፤ ጥቁር አንበሳ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ በጤና ሚኒስቴር፣ የካቲት 12 በከተማ አስተዳደሩ ሥር ናቸው። ስለዚህ ሹመቱም በጀቱም በተለያየ በር ይገባል። ይህን ሳያጣራ የተቀመጠ ዳይሬክተር ቀኑን በስልክ ልመና ይጨርሳል። ድንገተኛ ክፍል ሞልቷል፣ ዋርዱ «አልጋ የለም» ይላል፣ የክፍሉ ኃላፊ «ሬዚደንቶቼ ፈተና ላይ ናቸው» ይላል፤ ሁሉም እንደየመስመሩ ትክክል ነው፣ ሕመምተኛው ግን ወለል ላይ ነው። በመሆኑም ሦስት ነገር በግልጽ ይጻፍልዎ፦ የአልጋ ድልድል የመጨረሻ ውሳኔ የማን እንደሆነ፣ የዲዩቲ ፕሮግራም ማን እንደሚያጸድቀው፣ ለአስቸኳይ ግዥ እስከ ስንት ብር መፈረም እንደሚችሉ።

ርክክቡ በቃል አይሁን። ያልተጠናቀቁ የግዥ ጥያቄዎችን፣ ያልተከፈሉ ሒሳቦችን፣ መልስ ያልተሰጠባቸውን የኦዲት ግኝቶች፣ በሒደት ላይ ያሉ የሕሙማን ቅሬታዎችን፣ ለትምህርት የሄዱ ባለሙያዎችን ከመመለሻ ቀናቸው ጋር፣ የጄኔሬተሩን፣ የኦክስጅኑንና የአውቶክሌቩን (የመሣሪያ ማምከኛውን) የጥገና ውል ማብቂያ በዝርዝር ይቀበሉ። አስረካቢና ተረካቢ ከነቀኑ ይፈርሙ። ኦዲተሩ ሲመጣ የሚጠይቀው ወንበሩ ላይ ያለውን ሰው ነውና።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሚያዝያ ላይ የተሾመ ሰው ግንቦትና ሰኔ ላይ «ገንዘቡ ሊመለስ ነው፣ ግዙ» የሚል ግፊት ይጠብቀዋል። ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) የማይገኝለት ማሽን፣ በሩ የማያስገባው መሣሪያ፣ ሠልጣኝ የሌለው ሞኒተር መጋዘን የሚገባው በዚህ ሰሞን ነው። መከላከያው የዕቃው ዝርዝር መግለጫ አስቀድሞ፣ ቢቻል መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ በባዮሜዲካል ባለሙያውና በተጠቃሚው ክፍል ተጽፎ መቆየቱ ነው። መለዋወጫ፣ ተከላ፣ ሥልጠና፣ ዋስትናና የሪኤጀንት አቅርቦት የመግለጫው አካል ይሁኑ።

ቀዶ ሐኪም ስለሆኑ አንድ የኦፕሬሽን ቀን በደብዳቤው ላይ ይኑርዎ፤ የማኔጅመንት ስብሰባ ከሚውልበት ቀን የተለየ። ስብሰባ ሲጠራ ሌሊቱን ጾሞ ያደረን ሕመምተኛ መሰረዝ የለበትም። ለዚያ ቀን ምክትልዎ የጽሑፍ ውክልና ይያዝ። እጅዎ ሥራ ሲፈታ ሙያው ይደክማል፣ ባልደረቦችዎም ቀስ በቀስ እንደ ቢሮ ሰው ያዩዎታል። የሥራ ዘመንዎ ስንት ዓመት እንደሆነ፣ ሲጨርሱ ወደ የትኛው ዩኒት እንደሚመለሱም ከአሁኑ ይጻፍ።

በመጀመሪያው ወር ለውጥ አያውጁ። አንድ ሁለት ቀን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ድንገተኛ ክፍልን ይጎብኙ፤ ስንት የኦክስጅን ሲሊንደር ሙሉ እንደሆነ፣ የድንገተኛ መድኃኒት ጋሪው የተሟላ እንደሆነ፣ ሲኒየሩ (ተረኛው ስፔሻሊስት) ሲደወልለት እንደሚያነሳ ይዩ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይጀምሩ፦ ጠዋት 2:30 ላይ የ15 ደቂቃ የአልጋ ስብሰባ፣ ሁሉም ቆመው። እያንዳንዱ ክፍል ሦስት ቁጥር ይናገራል፤ ባዶ አልጋ፣ ዛሬ የሚወጣ፣ የሚጠብቅ። ይህ ስብሰባ የሚሞተው ወደ ብሶት መድረክነት ሲቀየር ነው። ከቁጥር ውጭ ያለው ጉዳይ ባለቤት ተሰይሞለት ከስብሰባው ውጭ ይታይ።

ጥያቄ፦ ለአመራር የግድ ሁለተኛ ዲግሪ በሆስፒታል አስተዳደር ያስፈልጋል? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ለዋርድ፣ ለዩኒትና ለትምህርት ክፍል ኃላፊነት አያስፈልግም። ዋና ሥራ አስፈጻሚነት ካሰቡ ይጠቅማል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከየል ዩኒቨርሲቲ ጋር የጀመረው የሆስፒታልና ጤና አስተዳደር ማስተርስ የተዘጋጀው ለዚሁ ዓይነት ሥራ ነው። ዲግሪ ቢኖርም ባይኖርም ግን የሰው ኃይል ሒሳብ ይወቁ። አንድ ቦታ ሌት ተቀን እንዲሸፈን በሳምንት 168 ሰዓት ያስፈልጋል። አንድ ሰው 40 ሰዓት ቢሠራ 4.2 ሰው ይሆናል፤ የዓመት ፈቃድ፣ የወሊድ ፈቃድና ሕመም ሲታሰብ ቢያንስ 5። በአንድ ነርስ ሁለት ሕመምተኛ ብለው ስድስት አልጋ ያለው የጽኑ ሕሙማን ክፍል ለመክፈት ካሰቡ 15 ነርስ ያስፈልግዎታል። ዘጠኝ ብቻ ተመድበውልዎ ሪባን ከተቆረጠ ክፍሉ በወራት ውስጥ ወደ ሦስት አልጋ ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ረዳት ፕሮፌሰር ነኝ። የጥራት ሥራና ኮሚቴ ጊዜዬን ወስዶት ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት የሚያበቃ ጽሑፍ አላወጣሁም። ሥራውን ልተው? (ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ አይተዉት፤ ወደ ጽሑፍ ይቀይሩት። የእድገት ኮሚቴ ማስተማርንም አገልግሎትንም ይመዝናል፣ በታወቀ ጆርናል የወጣ ጽሑፍ ከሌለ ግን ፋይሉ አይንቀሳቀስም። እርስዎ የሚሠሩት የሞት ኦዲት፣ የኢንፌክሽን ክትትል፣ የአንቲባዮቲክ አጠቃቀም ቅኝት ሁሉ ምርምር ሊሆን የሚችል ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በአንድ ምክንያት ነው፦ መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ የሥነ ምግባር ፈቃድ ለማውጣት ይሞከራል። ኮሚቴዎች ወደ ኋላ ተመልሰው ለተጀመረ ሥራ ፈቃድ አይሰጡም፣ ጆርናሎችም የፈቃድ ቁጥሩን ይጠይቃሉ። አጭር ፕሮቶኮል ጽፈው ከመጀመሪያው ቀን በፊት ያስገቡ፤ ከለውጡ በፊት ያለውን ቁጥር ሳይለኩም አይጀምሩ። የደራሲነት ቅደም ተከተሉን በዚያው ሳምንት በጽሑፍ ይስማሙ፤ መረጃ የሰበሰበው ሬዚደንት ስም እንዳይጠፋ እናሳስባለን። ከኮሚቴዎችዎም መረጃ የማያፈራውን አንዱን ይልቀቁ። ሴት ሐኪሞች ከሌላው ይልቅ የቃለ ጉባኤ ጸሐፊነት ሲጫንባቸው እናያለን፤ ጸሐፊነቱ በየተራ እንዲሆን መጠየቅ መብትዎ ነው።

ጥያቄ፦ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆኜ ተመርጫለሁ። ከአባላቱ ሦስቱ ያስተማሩኝ ናቸው፤ አንዳቸው ራውንድ ላይ አዘውትረው ያረፍዳሉ። እንዴት ልናገራቸው? (ከልደታ)

መልስ፦ ሞርኒንግ ሴሽን (የሐኪሞች የጠዋት ስብሰባ) ላይ፣ ሬዚደንቶች ባሉበት፣ በፍጹም አያንሱት። በቴሌግራም ግሩፕም አይጻፉ። መጀመሪያ የሁሉም ሲኒየሮች ራውንድ የተጀመረበት ሰዓት ለአንድ ወር ይመዝገብ፤ የእርስዎም ስም ይኑርበት። ከዚያ ወደ ቢሯቸው ራስዎ ይሂዱ፤ ወደ እርስዎ ቢሮ አያስጠሯቸው። «ፕሮፌሰር፣ የክፍላችን የራውንድ ሰዓት እንዲህ ሆኗል፣ እርስዎ ምን ይመክሩኛል?» ብለው ወረቀቱን ያሳዩ። ብዙ ጊዜ ያልታወቀ ምክንያት ይወጣል፤ የጤና ችግር፣ በዚያው ሰዓት የተደራረበ ክፍለ ጊዜ ወይም የሌላ ቦታ ሥራ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በፕሮግራም ማስተካከያ ይፈታሉ፦ ራውንዱን ለምሳሌ ወደ 3:30 መግፋት ወይም የጠዋቱን ለሌላ ሰጥቶ ለእሳቸው ከሰዓት በኋላ የአልጋ ዳር ትምህርት መስጠት። ሦስተኛው ከሆነ ግን የተስማሙበትን ሰዓት በአጭር ደብዳቤ ያረጋግጡ፣ ግልባጩን በፋይል ያስቀምጡ፣ ከአንድ ወር በኋላ ያንኑ መዝገብ ይዘው ተመልሰው ይሂዱ። ለውጥ ከሌለ ጉዳዩን ለክፍሉ ጉባኤ እንደ ሰዓት ደንብ ያቅርቡ፣ በሰው ስም አይደለም። ደንቡ ሲጸድቅ በመጀመሪያው ቀን ሰዓቱን አክብረው የሚገኙት እርስዎ ይሁኑ።