የመድኃኒቱን ካርቶን አትጣዪ

እኅቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። የእንቅርት ቀዶ ጥገና ካደረግሽ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ነጭ የሌቮታይሮክሲን ክኒን ስትወስጂ ኖረሽ፣ መሐል ሜዳ ከተማ የሌላ ፋብሪካ ቢጫ ክኒን ሲሰጡሽ በሦስተኛው ቀን ገላሽ በሽፍታ ተሞላ። ወደ ነጩ ስትመለሺ ጠፋ። «ቢጫው የውሸት መድኃኒት ይሆን? የልጄ የዘጠኝ ወር የኩፍኝ ክትባት ቀን ደርሷል፤ የእኔ ነገር ተላልፎባት እንደሆነ ላስቀርባት ወይ?» ነው ያልሽው።

ሐኪም አይደለሁም። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ ሱቅ አለኝ። የምነግርሽ በራሴ ላይ የደረሰውንና ከዚያ በኋላ ጠይቄ የተረዳሁትን ነው።

የውሸት ነው ለማለት አትቸኩዪ። ሌቮታይሮክሲን የእንቅርት ዕጢ ራሱ የሚሠራው ሆርሞን ነው፤ ሰውነት በእሱ መቆጣቱ እጅግ ብርቅ ነው፣ አንቺ ደግሞ ሁለት ዓመት ተስማምተሽዋል። ክኒኑ ውስጥ ያለው ሆርሞን በማይክሮግራም የሚለካ ነው፤ ከክኒኑ ክብደት አንድ በመቶ እንኳን አይሞላም። የቀረው ማያያዣ፣ መሙያ፣ ማቅለሚያ ነው፦ ላክቶስ (የወተት ስኳር)፣ ስታርች፣ ሴሉሎስ፣ ቀለም። ባለሙያዎቹ «የማይሠሩ ንጥረ ነገሮች» ይሏቸዋል። በሽታውን አያክሙም ለማለት ነው እንጂ ሰውነት አያውቃቸውም ማለት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጡት ጥናት፣ ከሚዋጡ መድኃኒቶች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት አንዳንድ ሰው የማይስማማው ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ነገር ይዘው ተገኝተዋል። ፋብሪካው ሲቀየር የመድኃኒቱ ስም ያው ነው፤ የሚቀየረው ይህ ነው። ታርትራዚን የሚባለው ቢጫ ቀለም ለምሳሌ ጥቂት ሰዎች ላይ ሽፍታ ያመጣል። የአንቺ እሱ ይሁን ሌላ የሚታወቀው ካርቶኑ ውስጥ ያለችው ወረቀት ስትነበብ ነው።

እኔን ያገኘኝ ከመርፌ ነው። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ የሦስት ወር የወሊድ መቆጣጠሪያ እወጋ ነበር። ሁለቱን ጊዜ ምንም አልሆንኩም። በሦስተኛው ከጤና ጣቢያው በር ሳልወጣ መዳፌን በላኝ። ብር ሊመጣ ነው ብዬ ለራሴ ቀለድኩ። ቀልዱ ሳያልቅ ከንፈሬ አበጠ፣ ድምፄ ጎረነነ፣ ግድግዳው ዞረብኝ። ነርሷ የብልቃጧን አንገት ቀጭ አድርጋ ሰበረች፣ አድሬናሊኑን በመርፌ ሳበች፣ ቀሚሴን ገልባ ጭኔ ላይ በውጭ በኩል ወጋችኝ። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን አልዘገየችም። ሰፈር ስመለስ ቡዳ ነው ተባለ፣ ጤና አዳም አሸተቱኝ። ካርዴ ላይ ደግሞ «ለሆርሞን አለርጂክ» ተብሎ ተጻፈ። ሁለቱም ስሕተት ነበር፤ የባሰኝ ግን የካርዱ ነው፣ ምክንያቱም አመንኩት።

ዓመታት አልፈው ጉልበቴን ታምሜ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ካርዱ ላይ ያለውን ነገርኳቸው። ይህ የወሊድ መቆጣጠሪያ አይደለም፣ የጉልበት ነው ብለው ሜቲልፕሬድኒሶሎን የሚባል መርፌ ወጉኝ። አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ ያው የመዳፍ መብላት። እነዚያ የማሳከክ ማስታገሻ ሰጥተው «ተኝተሽ ይለፍልሽ» አሉኝ። ትንፋሼ ሲያጥር ነው አድሬናሊን የፈለጉት። እስከ ዛሬ ሳስበው እናደዳለሁ፦ ትንፋሽ ሲያጥር ወይም ራስ ሲያዞር ቀዳሚው መድኃኒት አድሬናሊን ነው፣ ሌላው ሁሉ ተከታይ።

ነገሩን የፈታችው ፋርማሲ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ ናት። የሁለቱን መርፌዎች ወረቀት ፈልጋ አመጣች፣ የሱቄ ጠረጴዛ ላይ ከሚዛኑ አጠገብ ዘረጋቻቸው፣ እንደ ቅማል እንቁላል የደቀቀውን ፊደል በስልክ መብራት እያየች አንድ አንድ ቃል አሰመረች። ማክሮጎል 3350። ሁለቱም ላይ አለ። «ከማይሠሩት» ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው፣ ሌላ ስሙ ፖሊኢትሊን ግላይኮል፤ በሆድ ድርቀት ዱቄት ውስጥ አለ፣ በብዙ ክኒኖች ሽፋን ውስጥ አለ፣ በፋይዘርና በሞደርና የኮቪድ ክትባቶችም ውስጥ የእሱ ዘመድ አለ። መጀመሪያ ለምን ዝም አለ ስላት፣ «አለርጂ አስቀድሞ ይተዋወቃል፣ ከዚያ ነው የሚጣላው» አለችኝ። አዲስ አበባ ያየኝ ስፔሻሊስትም ታሪኬን ሰምቶ፣ ወረቀቶቹን አይቶ ካርዴን አስተካከለ። የኮቪድ ክትባት ሲመጣ፣ አስትራዜኔካ የያዘው ፖሊሶርቤት 80 ለማክሮጎል ስለሚቀርብ እሱን ትቼ ሁለቱም የሌሉበትን ሲኖፋርም ተከተብኩ፤ ሠላሳ ደቂቃ አስቀምጠው ሸኙኝ።

አንድ ነገር ለዪልኝ፦ ክኒን ሲወሰድ ሆድ ቢነፋ ላክቶስን መፍጨት ካለመቻል ሊሆን ይችላል፤ ያ አለርጂ አይደለም። ሽፍታ፣ እብጠትና የትንፋሽ ማጠር ሌላ ጉዳይ ናቸው።

ልጅሽን አስከትቢያት። ክኒኑ ያመጣብሽ ሽፍታ ለእሷ የሚተላለፍ አይደለም። በኩፍኝ ክትባት ላይ የሚጠየቀው ለጄላቲን ወይም ኒዮማይሲን ለሚባለው መድኃኒት ከባድ አለርጂ አላት ወይ የሚለው ነው፤ የእንቁላል አለርጂ እንኳን አይከለክልም። የሚያሰጋሽ ከሆነ ለከታቢዋ አስቀድመሽ ንገሪ፣ ከተወጋች በኋላ ግማሽ ሰዓት እዚያው ተቀመጡ። የአሥራ አምስት ወሩንም እንዳትረሺ። (ጄላቲን ካነሣሁ አይቀር፣ ካፕሱል ጾም ያስገድፋል ወይ ብለው በሚጠይቁ ሰዎች አልስቅም። ጄላቲን ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ነው የሚሠራው። የታመመ ሰው ግን የንስሐ አባቱን ይጠይቅ እንጂ መድኃኒቱን አይተው።)

ቢጫውን «እስቲ ላረጋግጥ» ብለሽ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሪ። ነጩንም በገዛ እጅሽ እንዳታቋርጪ። መድኃኒት ቤቶች ከትልቅ ቆርቆሮ ቆጥረው በትንሽ ላስቲክ ሲሰጡሽ የፋብሪካውን ስምና የምርት ቁጥሩን አጽፊ፤ ወረቀቷን ካልሰጡሽ በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ሐኪምሽም ካርድሽ ላይ «ለሌቮታይሮክሲን አለርጂክ» ብሎ እንዳይጽፍ፤ የፋብሪካውን ስም ይጻፍ፣ መድኃኒት ያደረሰው ጉዳት ተጽፎበት ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚላከውን ቢጫ ቅጽ ይሙላልሽ።

ነጩ መሐል ሜዳ ካለቀ አትደናገጪ። ይህ ሆርሞን ከደም ውስጥ ግማሹ እስኪወጣ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፤ ሁለት ቀን ቢያልፍሽ ደብረ ብርሃን ደርሰሽ ለመፈለግ ጊዜ አለሽ። ስትመጪ የሁለቱንም ካርቶን ይዘሽ ነይ፣ የአክስቴ ልጅ ታንብብልሽ።