ጠባሳውን ጠይቁት

ለወጣት ሐኪሞች፣

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማለዳ ማለዳ ጣና ዳር ወርጄ ታንኳ ሠሪዎች ደንገል ሲያስሩ አያለሁ። ደንገል ውኃ እየጠጣ እንደሚከብድ ገና ሲያስሩት ያውቃሉ፤ ስለዚህ ቀዛፊው ሲመለስ ታንኳውን ፀሐይ ላይ ያቆመዋል። እኛ ግን የሰፋነው የማያረጅ ይመስለናል።

በተረኝነቴ ዘመን አንድ እህል ነጋዴ ሌሊት መጣ። ሰገራው ጠቁሯል፣ ትንሽ ደምም አስታውኳል። ሆዱን ለሁለት የከፈለ ረጅም ጠባሳ ነበረው። «ይህስ?» አልሁት። «እሱማ ድሮ ውጭ አገር ተሠርቶ የዳነ ነው፣ ዶክተር።» ዳነ ካለ ብዬ የጨጓራ መድኃኒት አዘዝሁ። በማግስቱ ደሙ ቆመ፤ ደስ አለን። በሦስተኛው ሌሊት አልጋው በደም ተነከረ። አልደረስንለትም።

ዋናው የደም ቧንቧ ሆድ ውስጥ ሲያብጥ፣ ስፋቱ በወንድ 5.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ፣ ያበጠው ክፍል በዳክሮን ቱቦ ይተካል። ዳክሮን ፖሊስተር ነው፤ ያው የሸሚዝ ጨርቅ ዘመድ። ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይገፋዋል። በዓመታት ይሰፋል፤ ስፌቱ ላልቶ አዲስ እብጠት ያወጣል፤ ተሕዋስያን ይሰፍሩበታል። የከፋው፣ ላዩ ላይ የተኛውን የትንሹን አንጀት መነሻ ሲበሳ ነው። የመጀመሪያው መድማት አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ነው፣ በራሱም ይቆማል። ጎርፉ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ይመጣል። ነጋዴው ምልክቱን ሰጥቶኝ ነበር።

ሆድ ሳይከፈት በብሽሽት በኩል የሚገባው ቱቦም ከቦታው ሊንሸራተት፣ በዙሪያው ደም ሊያሾልክ ይችላል፤ በየዓመቱ በምስል የሚታየው ለዚህ ነው። የፊዚክስ ሊቁን የአንስታይንን የዚሁ ቧንቧ እብጠት የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ሩዶልፍ ኒሰን በ1948 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሴሎፎን ጠቀለለለት፤ በ1955 ፈነዳ። ከስድስት ዓመት በላይ ትንሽ አይደለም፣ ግን አልዳነም ነበር።

እንዲህ ያለ ቱቦ ያለበት ሰው ከደማ፣ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ ከቱቦው ነው ብላችሁ ጀምሩ። ታማሚው ከሆስፒታል ሲወጣ «ድነሃል» ብላችሁ አትሸኙት። የገባለትን ዕቃ በካርዱ ላይ ጻፉ፣ ግልባጩን በእጁ ስጡት፣ ለሚስቱም ንገሯት። ካርድ ይጠፋል፤ ሚስት ግን አትረሳም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀዛፊ ሸሚዙን አውልቆ ታንኳ ሲጎትት ሆዱ ላይ ጠባሳ አየሁ። «ልጄ፣ ውስጡ ምን አስገቡልህ?» አልሁት። ሳቀብኝ። «ምንም፣ አባባ! አንጀቴ ታጥፎብኝ ነው።»