የዋና ጥያቄዎቻችሁ፦ ስለ ደብተሩ፣ ስለ ደላላውና ስለ ፋሲል ገንዳ

ክረምት ሊወጣ ሲል ደብዳቤ ይበዛብኛል። ዘንድሮ ግማሹ ስለ ውሃ ዋና ነው። ጎንደር ላይ ይሄን ያህል ዋናተኛ እንዳለ ማን አወቀ! አንዳንዱን አሳጥሬዋለሁ፤ ስድቡንም አውጥቼዋለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከማራኪ አንድ አባት። የ14 ዓመት ልጃቸው ናይሮቢ አክስቷ ዘንድ አንድ ዓመት ቆይታ፣ የዋና ክለብ ገብታ ሠልጥናለች። «ያን ሁሉ ብር ከፍለን ይዛ የመጣችው አንድ የተጨማደደ ደብተር ነው። ሜዳሊያ የለ፣ ምን የለ። ምኑን ተማረችው?» ይላሉ።

ጋሼ፣ ደብተሩን ገልጠው አይተውታል? ሁለት ገጽ ፎቶ አንስተው ስለላኩልኝ አብረን እናንብበው።

«8 ጊዜ 50 ሜትር፣ በየ1 ደቂቃው» ይላል። በ45 ሰከንድ ከደረሰች 15 ሰከንድ ታርፋለች። በ55 ከደረሰች የምታርፈው 5 ብቻ ነው። ደቂቃው ሲሞላ አሰልጣኙ ጮኸም አልጮኸም ትነሳለች። ገንዳው ዳር ትልቅ የሰከንድ ሰዓት አለ፤ አዛዡ እሱ ነው። ከሥሩ የገባችበትን ጽፋለች፦ 43፣ 44፣ 46፣ 48፣ 50፣ 52፣ 53፣ 53። በጉልበት ወጥታ መጨረሻ ላይ አልቃለች። ሁለተኛው ገጽ ከሦስት ሳምንት በኋላ የተጻፈ ነው። እዚያ ላይ ደግሞ 47፣ 47፣ 47፣ 48፣ 47፣ 47፣ 46፣ 46 ይላል። ጉልበቷን ማካፈል ለምዳለች። እኔ ሜዳሊያ የምለው ይሄን ነው።

ልናዘዝ። የስፖርት መምህር በነበርኩበት ጊዜ ልጆቹን «20 ዙር!» ብዬ ገንዳ ውስጥ እለቅና ሻይዬን እጠጣ ነበር። ቀድሞ የወጣውን ጎበዝ እለዋለሁ። ለምን እንደቀደመ እኔም አላውቅ፣ እሱም አያውቅ።

ደብተሯ ላይ የተራ ሕግም አለ። በአንድ መስመር ስድስት ልጅ ይዋኛል። በአንዱ ጎን ሄደው በሌላው ይመለሳሉ፤ ልክ እንደ መኪና መንገድ። አምስት አምስት ሰከንድ እየጠበቁ ይነሳሉ። ከኋላ ያለው እግርሽን ከነካሽ ግድግዳው ጋ ቆመሽ ታሳልፊዋለሽ። ኩርፊያ የለም። የኛ ገንዳ እኮ የቅዳሜ ገበያ ነው!

ልጅዎ ከዚህ ስትሄድ አንደኛ ነበረች። እዚያ ከ11 ዓመት ልጆች ጋር የመጨረሻው መስመር ላይ አስገቧት። እርስዎ ይሄን እንደ ውርደት ጽፈውታል። እኔ ግን ለብቻው የአውሮፕላኑን ዋጋ ያወጣል ባይ ነኝ። አንደኛ ሆኖ ያደገ ልጅ ሰው ሲቀድመው ወይ ያኮርፋል ወይ ይተዋል። እሷ ደብተር ገዛች።

አሁን «እንግዲያው መልሼ ልላካት?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። የሲንጋፖሩ ጆሴፍ ስኩሊንግ በ14 ዓመቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ ሠለጠነ፤ በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ በ100 ሜትር ቢራቢሮ ቀዘፋ ስመ ጥሩን አሜሪካዊ ዋናተኛ ማይክል ፌልፕስን ቀድሞ በ50.39 ሰከንድ ወርቅ ወሰደ። የቱኒዚያው አህመድ ሀፍናዊ ደግሞ አገሩ ውስጥ ሠልጥኖ፣ በ18 ዓመቱ ቶኪዮ ላይ የ400 ሜትር ነፃ ቀዘፋን አሸነፈ። ያውም ለፍጻሜው የመጨረሻውን ቦታ ይዞ አልፎ፣ ዳር ላይ በ8ኛው መስመር። ስለዚህ ከቪዛው በፊት ወፍራም የሰከንድ ቆጣሪ ያለው የግድግዳ ሰዓት ይግዙላት። አንዱን ሆቴል ያነጋግሩ፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ገንዳው ባዶ ነው። ብቻዋን ግን አትግባ። መዋኘት የሚችል ሰው ዳር ላይ ይቁም፣ ስልኩን ኪሱ ከትቶ።

አንድ ኩሩ ወንድም። ታናሽ ወንድሜ ሆቴል ገንዳ ውስጥ 50 ሜትር በ22 ሰከንድ ዋኘ፤ የት ይመዝገብ?

መጀመሪያ ገንዳውን በሜትር ለካው። ፓሪስ 2024 ላይ ወርቁ የተወሰደው በ21.25 ነው።

ፋሲል መዋኛ ውስጥ መለማመድ ይቻላል?

አይቻልም። ውሃው የሚሞላው ለጥምቀት ነው።

ከአዘዞ አንድ ተማሪ። የምንኖረው ከፍታ ላይ ስለሆነ ውጭ ብንሄድ እንበልጣቸዋለን ወይ?

ግማሽ እውነት አለህ። ስፔን ውስጥ ሴራ ኔቫዳ ተራራ ላይ፣ በ2,320 ሜትር ከፍታ፣ የ50 ሜትር ገንዳ አለ። ዋናተኞች ከየአገሩ እየሄዱ ለሳምንታት ይሠለጥኑበታል። አየሩ ሲሳሳ ሰውነት ቀይ የደም ሴል ያበዛል። አንተ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በነፃ ትተነፍሳለህ። ነገር ግን ውሃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል የጠጠረ ነው። እግርህ ወደ ታች ከሰመጠ ሳንባህ አያወጣህም። መጀመሪያ ቀጥ ብለህ መንሳፈፍ ልመድ። ደግሞ ከጓደኞችህ ጋር ውሃ ውስጥ ትንፋሽ ይዞ የመቆየት ውድድር እንደምታደርጉ ጽፈሃል። ዛሬውኑ አቁሙ። ሰው ሳያንፈራግጥ፣ ሳይጮህ፣ ራሱን ስቶ እዚያው ይቀራል።

አንድ ቤተሰብ፣ ሰፈራቸውን ልተወው። አንድ ሰው የ15 ዓመት ልጃቸውን «ውጭ አገር የዋና አካዳሚ አስገባዋለሁ» ብሎ ቀብድ ተቀብሏል። ፓስፖርቱም እሱ ጋ ነው። የክለቡን ስም ሲጠይቁት «ስትደርሱ ታውቁታላችሁ» ይላል።

ኧረ በፈጣሪ! ፓስፖርቱን ዛሬ አስመልሱ። ነገ አይደለም፣ ዛሬ። እውነተኛ ክለብ ስም አለው፣ አድራሻ አለው፣ አሰልጣኝ አለው። ልጁ የት እንደሚያድር፣ ትምህርቱን የት እንደሚቀጥል፣ ቢታመም ማን እንደሚያሳክመው፣ መቼ እንደሚመለስ በጽሑፍ ይሰጣል። የልጁን የዋና ሰዓትም ይጠይቃል። ይሄ ሰውዬ ልጃችሁ ሲዋኝ አንድ ቀን አይቶታል? አላየውም ብላችሁኛል። እንግዲያው የሚፈልገው ዋናተኛ አይደለም። የውሃ ዋና ፌዴሬሽኑን ጠይቁ፣ ጠበቃ አማክሩ፣ ፓስፖርቱን አልመልስም ካለ ፖሊስ ጋ ሂዱ። ሦስቱንም። አብዛኛውን ጊዜ «ባለሙያ አማክሩ» የምለው ለወጉ ነው፤ አሁን ግን ለወጉ አይደለም። ቀብዱ ቢቀር ይቅር።

ጣና ላይ፣ ጎርጎራ፣ በየሳምንቱ ብንለማመድስ?

የሐይቅ ዋና ደስ ይላል። ቢልሃርዚያው ግን አለ። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ይገባል፤ ሳይውጡት ነው የሚይዘው። ዳር ዳሩ፣ ሣርና ቄጠማ ያለበት ይብሳል። እስካሁን ገብታችሁ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው። «ምንም አልተሰማኝም» አይሠራም፤ በሽታው ለዓመታት ዝም ሊል ይችላል።

ጸጉሬ ብዙ ነው፤ የዋና ኮፍያ አይገባልኝም። አሰልጣኜ ተላጪ ትለኛለች።

አትላጪ! ለብዙ ጸጉር የሚሠራ ሰፊ ኮፍያ አለ። ሶል ካፕ የሚባለውን ለቶኪዮ ኦሎምፒክ ከልክለውት ነበር፤ በ2022 ፈቀዱት። ሹሩባውን ዝቅ አድርገሽ ተሠሪ፣ ከመግባትሽ በፊትም በንጹህ ውሃ አርጥቢው።

በጾም ወቅት ልምምድ እንዴት ይሆናል?

ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሱፍ፣ ለውዝ። ውሃ መጠጣትም እንዳትረሱ። ሰዓቱን ከነፍስ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ።

ከአራዳ የ46 ዓመት ባለ ሱቅ። ልጄ ከውጭ ሠልጥኖ መጥቶ ይስቅብኛል። በዚህ ዕድሜ ዋና ይለመዳል ወይ?

ይለመዳል። ደረትዎ ድረስ በሚደርስ ውሃ ይጀምሩ። ፊትዎን ነክረው በአፍንጫዎ ቀስ ብለው ያስወጡ፣ ቀና ብለው በአፍዎ ይሳቡ። ይሄን ብቻ ለአንድ ሳምንት። አስተማሪዎ ልጅዎ ይሁን፤ በሳቀ ቁጥር ሱቁን አንድ ቀን ይጠብቅልዎት።