ጥያቄና መልስ፦ ሁለት የኔትወርክ ፖርት ያለው ናስ

ዛሬ ማታ የናስ ኔትወርክ ጥያቄ እመልሳለሁ። ናስ ስል በኔትወርክ የሚከፈተውን ፋይል ማስቀመጫ ነው፣ ብረቱን አይደለም። ስትጠይቁ የናሱን አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ ቁጥሩን)፣ የሞደሙን አይፒና ስንት ኬብል እንደሰካችሁ ጻፉ። «አይሠራም» ብቻ ለሚል መልስ የለኝም።

ፎቶ ቤት (ፈረንጅ አራዳ)፦ ሁለቱንም ፖርት አንድ ስዊች (ኬብል ማከፋፈያ ሳጥን) ላይ ሰክቼ 192.168.1.50 እና 192.168.1.51 ሰጠኋቸው። ፍጥነት አልጨመረም፣ አንዳንዴ ጭራሽ ፎልደሩ ይጠፋል።

መልስ፦ ይሄንን ነበር የምጠብቀው። ሁለቱም አድራሻ አንድ ሰብኔት (አንድ የአድራሻ ሰፈር) ውስጥ ነው። ሊኑክስ ላይ የተሠራ ናስ ምላሹን የሚልከው ራውቲንግ ሰንጠረዡ (የመንገድ ዝርዝሩ) ላይ ቀድሞ ባገኘው ፖርት ስለሆነ፣ ጥያቄው በ51 ቢገባም መልሱ በፖርት 1 ይወጣል። በዚያ ላይ «51 ማን ነው?» የሚል የአርፕ (የአድራሻ ባለቤት ፍለጋ) ጥያቄ ሲመጣ ፖርት 1ም «እኔ ነኝ» ይላል፤ ኮምፒውተሩ ይምታታበታል። ወይ ፖርት 2ን ንቀለው፣ ወይ ሰብኔቱን ለይ፦ ፖርት 2ን 10.10.10.1፣ ማስክ (የሰብኔቱ ወሰን) 255.255.255.0 ስጠው፣ ጌትዌዩን (ወደ ውጭ መውጫውን) ባዶ ተወው። ከኤዲቲንግ ኮምፒውተሩ ሁለተኛ ካርድ (10.10.10.2) ጋር በቀጥታ አገናኘው። ክሮስ ኬብል አያስፈልግም፣ ጊጋቢት ካርድ ራሱ ያስተካክላል። ፎልደሩን በቁጥሩ (10.10.10.1) ክፈተው፤ በስሙ ከጠራኸው በድሮው መንገድ ሊሄድ ይችላል። ጌትዌይ አንድ ፖርት ላይ ብቻ!

ቡና ቢሮ (አጂፕ)፦ ሁለቱን ፖርት አጣምሬ 2 ጊጋቢት አላገኝም?

መልስ፦ ለአንድ ኮምፒውተር አታገኝም። ኤልኤሲፒ (ፖርት ማጣመሪያው ዘዴ) አንድን ግንኙነት በአንድ ኬብል ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ ጣሪያው በሰከንድ 110 ሜጋባይት አካባቢ ነው። የሚጠቅመው ብዙ ሰው ባንዴ ሲሠራ ነው፣ ስዊቹም ላይ መዋቀር አለበት። ተራ ስዊች ከሆነ አክቲቭ ባካፕ ምረጥ፤ አንዱ ኬብል ሲሞት ሌላው ይረከባል።

ኪቶ ፉርዲሳ፦ «አታገኝም» ማለት ልክ አይደለም። ኤስኤምቢ መልቲቻነል (አንድን ፋይል በብዙ ኬብል ባንዴ ማሳለፊያ) አለ።

ቡና ቢሮ፦ ታዲያ ማንን እንስማ?

ኪቶ ፉርዲሳ፦ ዊንዶውስ ከ8 ጀምሮ ይችለዋል። ኤምቲዩንም (የአንድ ፓኬት ትልቁን መጠን) 9000 ባይት አድርጉት።

መልስ፦ የተጠየቅሁት ስለ ማጣመር ነው። መልቲቻነል ሌላ ነው፤ ኮምፒውተሩ አብዛኛውን ጊዜ 2 ካርድ ይፈልጋል፣ ፖርቶቹንም በተለያየ ሰብኔት ማድረግ ይሻላል፣ ናሱም ሴቲንግ ላይ መከፈት አለበት። 9000 ደግሞ ናሱ፣ ስዊቹና ኮምፒውተሩ ሦስቱም ካልተስማሙ ፒንግ (የግንኙነት መሞከሪያው) እየሠራ ትልቅ ፋይል መሃል ላይ ይቆማል። ፓኬቱ እንዳይቆራረጥ አድርጋችሁ በ8972 ባይት ፒንግ ላኩ፤ ካልተመለሰ 1500 ላይ ተውት።

አዲስ አባል፦ ናሴ ቀርፋፋ ነው፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከላይ ምን ብዬ ነበር?

አዲስ አባል፦ ይቅርታ። 192.168.1.20፣ ሞደሙ 192.168.1.1፣ አንድ ኬብል። ሊንኩ 100 ሜጋቢት ነው የሚለው። ኬብሉን መርካቶ ነው ያስመታሁት።

መልስ፦ እንዲህ በይ እንጂ። 100 በ4 ሽቦ ይሄዳል፦ 1፣ 2፣ 3 እና 6። ጊጋቢት ግን 8ቱንም ይፈልጋል። ከቀሪዎቹ አንዱ አልነካም። ጫፉን ቆርጠሽ እንደገና አስመቺ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። የውጭው ሽፋን ኮኔክተሩ ውስጥ ገብቶ ይነከስ፤ ውጭ ከቀረ ሽቦው በትንሽ ጉተታ ይለቃል። ሽቦውን በቢላ ጫሪው፤ ውስጡ ብርማ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ሌላ ግዢ።

ቡና ቢሮ፦ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ናሱ ይጠፋል።

መልስ፦ ሞደሙ አዲስ አይፒ እየሰጠው ነው። ሞደሙ ከሚያድለው ክልል ውጭ ቋሚ አይፒ ስጠው። ከመቀየርህ በፊት የድሮውን ጻፍ።

ሌላ አባል፦ የቱ ብራንድ ይሻላል?

መልስ፦ ለሌላ ቀን።

ፎቶ ቤት፦ ፖርት 2 ላይም ጌትዌይ ልሙላ?

መልስ፦ አንድ ላይ ብቻ! አንብብ እንጂ።

አዲስ አባል፦ ቡናማው ሽቦ ጫፉ ድረስ አልገባም ነበር። አሁን 1000 ይላል።

መልስ፦ በሌላኛው በኩል ያለውንም ጫፍ እዪው።