ሻጋታውን ከጎረቤቱ አትለዩት

ልጆቼ፣

ከሻጋታ የሚገኝ አዲስ መድኃኒት ፍለጋ ዳሎል እንውረድ ወይስ ሻላ ሐይቅ እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ሂዱ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ናሙናው ላቦራቶሪ ከገባ በኋላ የሚደርስበት ነው።

በወጣትነቴ ከስምጥ ሸለቆ የሶዳ ሐይቅ ዳር ጭቃ ሰብስቤ ነበር። የሐይቁ ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው፣ ወደ 10 ይጠጋል፤ ከአሲድ ተቃራኒ ነው። እኔ ግን ጭቃውን እንደለመድኩት ከድንችና ከስኳር በተሠራ አጋር በሚባል የረጋ ምግብ ላይ ዘራሁት። በጥቂት ቀን ውስጥ ሳህኖቹ በሻጋታ ተሸፈኑ፤ ደስታዬን አልረሳውም። ወራት ከለፋሁበት በኋላ መምህሬ፣ "እስቲ የሐይቁን ውሃ ስጣቸው" አሉኝ። አንዱም አልበቀለም። ለካ ነፋስ አምጥቶ ጭቃው ላይ የጣላቸው ስፖሮች፣ የሻጋታ ዘሮች፣ ኖረዋል! እንግዳውን እንደ ባለቤት ስጠይቅ ከርሜአለሁ። የሐይቁ እውነተኛ ነዋሪዎች ምናልባት ያ የማይስማማቸው ምግብ ገድሏቸው ይሆናል።

በአሜሪካ ሞንታና ግዛት፣ ቢዩት ከተማ፣ በርክሌይ ፒት የሚባል የመዳብ ማዕድን ጉድጓድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 የውሃ መሳቢያ ፓምፖቹ ከቆሙ ወዲህ አሲድና አርሴኒክ የተባለ መርዝ ባለበት ውሃ ተሞልቷል፤ ፒኤቹ 2.5 ገደማ ነበር። በ1995 ውሃው ላይ ያረፉ በመቶ የሚቆጠሩ ዝይዎች አልቀውበታል። አንድሪያና ዶናልድ ስቲርሊ የተባሉ ባልና ሚስት ኬሚስቶች ግን እዚያው ውስጥ የሚኖሩ ፈንገሶችን አገኙ፤ ከመካከላቸው ከአንዱ በርክሊክ አሲድ የተባለ ውህድ አወጡ። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ነው። ፔኒሲሊየም የተባለውን ሻጋታ ሁለት ዝርያዎች በአንድ ዕቃ አብረው ሲያሳድጓቸው፣ ለየብቻቸው ያላወጡትን በርክሌይላክቶን ኤ የተባለ ውህድ ሠሩ። ይህ ውህድ ብዙ አንቲባዮቲክ የማይበግረውን ኤምአርኤስኤ የተባለ ባክቴሪያ በላቦራቶሪ ይገድላል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሻጋታ መርዝ መሥራት ጉልበት ያስከፍለዋል። ስኳር ሞልቶለት ብቻውን ሲቀመጥ ማንን ይዋጋል? እነዚያን ውህዶች የሚሠሩት ጂኖቹ ዝም ይላሉ። ጎረቤት፣ ጨው፣ ረሃብ ሲመጣ ይነቃሉ። እናንተም "ምንም የለውም" ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት አኗኗሩን መልሱለት።

ሳህን ላይ የካንሰር ሴል ገደለ ብላችሁም "የካንሰር መድኃኒት አገኘን" አትበሉ፤ በረኪናም ይገድላል። ጤነኛውን ሴል አለመጉዳቱ፣ በሰውነት ውስጥ መሥራቱ ገና ዓመታት የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። ከበርክሌይ ፒት ውህዶችም እስካሁን ፋርማሲ የደረሰ የለም። ይህን የምነግራችሁ በሽተኛ ቤተሰብ ያለው ሰው ወሬአችሁን ስለሚሰማ ነው።

ደግሞ ፈቃድ ሳትይዙ ናሙና ከአገር አታውጡ። የጄኔቲክ ሀብት የማግኘትና የማኅበረሰብ መብት አዋጅ ቁጥር 482/1998 ያለው ለዚህ ነው፤ የሐይቁ ዳር ሰዎችም ከሚገኘው ድርሻ አላቸው።

ስትሄዱ ፒኤቹንና ሙቀቱን እዚያው ቆማችሁ ለኩ፣ ሰዓቱን ጻፉ። ከጭቃው ጎን አንድ ጄሪካን የሐይቅ ውሃ ጨምራችሁ አምጡ። ከባድ ነው፣ መኪናው ውስጥ ቦታ ይይዛል፤ ቢሆንም አምጡት።